የአምስተኛው ክፍል መልስ

ሟቹ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አንድ እግሩን አጥፎ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ያለ ሰው ይመስላል። ከጆሮው ኋላ ያለው ምንጣፍ ባይጠቁር ኖሮ «ተነስ እንጂ፣ ረፈደ» ያሰኝ ነበር። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ምንም አልተሰማትም። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «በረዶ» ይሏታል፤ እንደሚሏትም ታውቃለች፤ ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት ስላጣች ትታቸዋለች።

ከጀርባዋ የቢሮው ሥራ አስኪያጅ እጆቹን እያፋተገ ይቁነጠነጣል። በጥድፊያ የለበሰው ሸሚዝ ቁልፎቹ ተዛንፈዋል።

«ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ነው ያገኘሁት» አለ። «እሑድ ማንም አይገባም። የሱ ቁልፍ ደግሞ የለም፤ ፖሊሶቹ ኪሱን ፈትሸው አጡት። ሌባ ነው። መትቶት፣ ቁልፉን ይዞ፣ በሩን ስቦ የወጣ ሌባ ነው። በሩ ሲሳብ ራሱ ይቆለፋል።»

«ሌላ የጠፋ ዕቃ አለ?»

«እሱን እንኳ ገና አላየሁም።»

«እንግዲያው ይዩ።»

ሄዶ አየ። ኮምፒውተሩም፣ ስክሪኑም፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ስልክ እንኳ በቦታው ነበር። ሌባው ቁልፍ ብቻ የሚለቅም ካልሆነ በቀር ነገሩ አላማረም።

ቢሮው የቪዲዮ ጨዋታ የሚሠራበት ነው። የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው፣ የጨዋታውን ታሪክ የሚጽፈው ደራሲ፣ አሁን ምንጣፉ ላይ ነው። የሞተባትን ጠባብ ቤት ስቱዲዮ ይሏታል። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ ስለተለበጠ እዚያ ውስጥ የሚናገር ሰው ድምፁ አፉ ላይ ይሞታል። በአንድ በኩል መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከውጭ፣ የመቅጃው ጠረጴዛ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ክብ የብረት እግር ያላቸው የማይክ ማቆሚያዎች ተደርድረዋል። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ማይኩ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በክር ታስሮ፣ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

መርማሪዋ ከሬሳው ይልቅ ገመዱን ብዙ አየችው። ቀለበቶቹ እኩል እኩል ናቸው፤ አንዱም ከሌላው አልተወሳሰበም። ሰው በተገደለበት ቤት ይህን ያህል ሥርዓት የያዘ ነገር አይታ አታውቅም።

ስትወጣ ጫማዋ ውኃ ረገጠ። ኮሪደሩ ላይ ካለች ትንሽ ፍሪጅ ሥር ውኃው ተንጣሏል።

«ያረጀች ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል። «ተበላሽታ ይሆናል።»

ጎንበስ ብላ አየች። ፍሪጁ አልተበላሸም፤ ከሶኬቱ ተነቅሏል። «ማንም እንዳይነካው» አለችና አለፈች።

ሥራ አስኪያጁን በስብሰባው ጠረጴዛ ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«ጨዋታችሁን ቆራርጣችሁ ነው የምትሸጡት አሉ።»

«በክፍል በክፍል ነው። አንዱን ክፍል ኢንተርኔት ላይ እናወጣለን፤ ሰው ከፍሎ ያወርደዋል፤ ተጫውቶ ሲጨርስ ልቡን አንጠልጥለነው ቀጣዩን እንሠራለን። በአራት ሰው ሙሉውን ባንዴ እናውጣ ብንል እዚሁ ሸብተን እንቀራለን።»

«ታሪኩ ስለ ምንድን ነው?»

ይህን የጠየቀችው እያወቀች ነው። እንቅልፍ እምቢ ባላት ሰሞን አራቱንም ክፍሎች ገዝታ ተጫውታለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ሥራ አስኪያጁ ነገራት። ሚጡ የምትባል ልጅ በር በበዛበት ትልቅ ቤት ውስጥ ትኖራለች። በየክፍሉ ጥቂት በሮችን ትከፍታለች፣ የተደበቀ ነገር ታገኛለች፤ መጨረሻ ላይ የውጭው በር ጋ ደርሳ በረኛውን «ልሂድ?» ትለዋለች። ተጫዋቹ በበረኛው ፈንታ መልስ ይመርጣል። መልሶቹ ሦስት ናቸው፤ «ቆዪ»፣ «ገና ነው»፣ «ነገ»። የትኛውንም ቢመርጡ ልጅቷ ትቀራለች፤ ቀጣዩ ክፍል ይወጣል።

«ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አምስተኛው የመጨረሻው ነው፣ በቃ አለ። እኔ ደግሞ ሰባት ስምንት ክፍል ይወጣዋል ባይ ነኝ። ሰዉ እየጠበቀ እንዴት ይዘጋል? ባለፈው ተጨቃጨቅን።»

«ምን አሉት?»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «ደም ፍላት ነው። ‹አንተ ባትኖር ይሻለን ነበር› ብዬዋለሁ። ምላሴን በቆረጠው።»

መርማሪዋ አላጽናናችውም፤ አልገሠጸችውምም። ቀጥላ ፕሮግራመሩን አስጠራች። ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ በስክሪን ብርሃን ቀልተው፣ የሹራቡን ቆብ አጥልቆ መጣ።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«አንስማማም ነበር። ‹ሙሉውን ጨርሰን ባንዴ እንሽጠው፣ ሰው መቆራረጥ ሰልችቶታል› እለው ነበር። ደግሞ የጨረስኩትን ያፈርሰዋል። ጥሎብኝ ይሄዳል፣ እኔ እጠግናለሁ።» የሹራቡን ቆብ አወለቀ። «እውነቱን ልንገርዎት? መሞቱን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ‹ተመስገን፣ የዚህ ሳምንቱ ሥራ ቀረ› ነው። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ማፈሩም አለፈ።»

«ድካም ነው» አለች መርማሪዋ። «አምስተኛው ክፍል አልቋል?»

«ከአንድ ነገር በቀር። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ‹ልሂድ?› ስትል አራተኛ መልስ ይኖራል፣ ቦታውን ባዶ ተውልኝ ብሎኛል። ድምፁን አመጣልሃለሁ አለ። ምን እንደሚል አልነገረኝም።»

«የበረኛው ድምፅ የማን ነው?»

«የራሱ።»

«የልጅቷስ?»

ልጁ የሹራቡን እጅጌ መጎተት ጀመረ። «የእትዬ ልጅ ናት። እትዬ የምንላት የድምፅ ባለሙያችንን ነው፤ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ልጅቷ ታማ እያለች እዚህ ነበር የምትውለው። ሚጡ የሚላት እሱ ነበር፤ ሁላችንም ከሱ ሰምተን ሚጡ አልናት፤ ጨዋታውም ውስጥ በዚያው ስም ገባች። የሷን ንግግር በሙሉ፣ የአምስተኛውንም ጭምር፣ ቀድማ ቀድታ ነው የሞተችው።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። «ፍሪጁን ማን ነቀለው?»

«ተነቅሏል እንዴ? እሱ የሚነቀለው ድምፅ ሲቀዳ ብቻ ነው። ሲሠራ ያቃስታል፤ ማቃሰቱ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ድሮ ነቅለን እየረሳነው ስንት ወተት ተበላሸ መሰልዎት! ከዚያ እትዬ ዘዴ አመጣች።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ፍሪጁን የነቀለ ሰው የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣል። ቁልፉን ሳይዝ ቤቱ አይገባ! ሊያወጣው በሩን ሲከፍት ውስጡ ጨለማ ነው፤ ያኔ ትዝ ይለዋል፣ መልሶ ይሰካዋል። እትዬ እስከዛሬ አንድ ቀን ስታ አታውቅም። ግን አሁን የሚቀዳ ነገር...»

አልጨረሰውም። መርማሪዋ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ፍሪጁን ስትከፍት የኮመጠጠ ወተት ሽታ ወጣ። ከወተቱ አጠገብ፣ እርጥበት የለበሰ የቁልፍ ማያያዣ ተጋድሟል።

«የሱ ነው!» አለ ከኋላ የመጣው ሥራ አስኪያጅ። ሲያሳድገው የዋለው ሌባ በዚያች ደቂቃ ሞተ።

የድምፅ ባለሙያዋ ሬሳው ከተነሳ ጀምሮ ከመቅጃው ጠረጴዛ አልተነሳችም። የጆሮ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነው፤ ፊቷ ላይ የልቅሶ ምልክት የለም። መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር እሆናለሁ?»

«ወንድምዎ ነበር። አላለቀሱም።»

«እንባዬን ያኔ ጨርሼው መሰለኝ» አለች ሴትዮዋ፣ የአየር ጠባይ እንደምትናገር። «እሱን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት ገና መሄድ አልጀመረም ነበር። ሳላለቅስለት መቅረቴ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። ግን የለም። ከየት ላምጣው?»

መርማሪዋ ይህን ዓይነት ባዶነት ከሩቅ ታውቀዋለች። «የአምስተኛውን ክፍል ድምፅ ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የሚጡን ድምፅ መስማት አልከበደዎትም?»

«አልሰማሁትም።»

«ሳይሰሙ እንዴት ይሠራል?»

ሴትዮዋ ስክሪኑን አበራች። አረንጓዴ መስመር እየተነሳ እየወደቀ፣ እንደ ኮረብታ ሰንሰለት ተዘርግቷል። «ድምፅ ይታያል። ይሄ ትንፋሽ ነው፣ ይሄ ቃል ነው፣ ይሄ ወንበር ሲንቀሳቀስ ነው። ድምፁን ዘግቼ በዓይኔ ቆረጥኩት።» ጣቷን ከመጨረሻው ትንሽ ኮረብታ በላይ፣ ሳትነካው፣ አቆመች። «እኔ ካልሰማሁት፣ ክፍሉም ካልወጣ፣ ልጄ ገና ያልተናገረችው ነገር አላት ማለት ነው። ይገባዎታል?»

«ይገባኛል» አለች መርማሪዋ። ያን ቀን ከተናገረችው ሁሉ ከልቧ የወጣው ይሄ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ስቱዲዮዋ ገብታ ገመዱን ከሚስማሩ አወረደች፤ ክሩን ፈታች፤ በተነችው። ሥራ አስኪያጁን ጠርታ «እስቲ ይጠቅልሉልኝ» አለችው። ግራ ገብቶት፣ በመዳፉና በክርኑ ዙሪያ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ እየጎተተ ጠመጠመው። ፈታችውና ፕሮግራመሩን ጠራች። እሱ ሰብስቦ አጨማደደና ጨብጦ ሰጣት። ሁለቱንም አመሰገነች። ምን እንደተመሰገኑ አልገባቸውም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ስቱዲዮዋ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ምንጣፉ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ላለመርገጥ ሁሉም ግድግዳውን ተጠግተው ተቀመጡ። መርማሪዋ የተበታተነውን ገመድ የድምፅ ባለሙያዋ ጭን ላይ፣ ዕቃ እንደምታስይዝ ሰው፣ ጣል አደረገችውና መናገር ጀመረች።

«ሌባ የለም። ሌባ ቁልፍ ሰርቆ ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጥም። ቁልፉን ያስቀመጠው ሟቹ ራሱ ነው፤ ፍሪጁን የነቀለውም እሱ ነው። በእናንተ ቤት ይህ የሚደረገው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው።»

«ሲቀዳ» አለ ፕሮግራመሩ ቀስ ብሎ።

«ሲቀዳ። ትናንት እዚህ የመጣው ድምፁን ሊቀዳ ነው። አንተ ባዶ የተውክለትን መልስ።»

«ራሱን እየቀዳ ሳለ ሰው ገብቶ መታው በሉኛ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የሚናገረው እዚህ ውስጥ ነው፤ የመቅጃው ጠረጴዛ ከመስታወቱ ወዲያ ነው። ክንዱ ግድግዳ ካልበሳ በቀር ብቻውን አይቀዳም። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሰው ነበር። ያ ሰው ሲያበቃ የመታበትን የማይክ ማቆሚያ ወለወለ፣ ማይኩን ሣጥኑ ውስጥ መለሰ፣ በሩን ስቦ ወጣ። ቅጂ እንደነበረ የሚያሳብቅ ነገር አልተረፈም፤ ከፍሪጁ በቀር።»

«ፍሪጁን ለምን አልሰካውም ታዲያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠዋት እኔም ራሴን የጠየቅሁት እሱን ነው። ረሳው። ለምን ረሳ? ፍሪጁን አስታውሶ አያውቅምና። እስከዛሬ ያስታውሰው የነበረው የራሱ ቁልፍ ነው። ትናንት ግን ፍሪጁ ውስጥ የነበረው የሟቹ ቁልፍ ነው፤ የዚያ ሰው ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። ወደ ቤቱ ለመሄድ ፍሪጅ መክፈት አላስፈለገውም። ልማዱ የታመነ ሰው ነው እንዲህ የሚሳሳት፤ ልማድ የሌለው ሰውማ ዞር ብሎ ያይ ነበር።»

በመስታወቱ ወደ መቅጃው ጠረጴዛ ጠቆመች።

«ጠረጴዛውን ማስነሳት የሚችሉ ሁለት ናቸው። አንተ ትችላለህ» አለች ወደ ፕሮግራመሩ ዞራ፤ ልጁ ነጣ። «ግን ገመዱን ስትጠቀልል አይቼሃለሁ። ሚስማሩ ላይ ያገኘሁትን ገመድ የጠቀለለው ሰው አንዱን ቀለበት ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እያገላበጠ ነው የሠራው፤ ገመዱ ውስጡ እንዳይጣመም። ይሄ ተማሩት ቢባል ባንድ ቀን የሚመጣ አይደለም። ሰው ገድሎ፣ ደንዝዞ፣ አእምሮው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ እጁ ብቻ ሥራውን ሲጨርስ...»

አቆመች፤ የሚሰማት አልነበረምና። ሁሉም የሴትዮዋን ጭን ያያሉ።

የድምፅ ባለሙያዋ መስታወቱን ትኩር ብላ ታያለች። እጆቿ ግን ሥራቸውን ይዘዋል። አንዱን ቀለበት ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች፣ እኩል እኩል፣ ሳይቸኩሉ። ጫፉን በክሩ አሰሩት። ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው።

«እትዬ!» አለ ፕሮግራመሩ። ድምፁ ተሰበረ።

«አንተ አታልቅስ» አለችው። ከዚያ ለመርማሪዋ ተናገረች፤ ረጋ ብላ፣ ምንም ሳትጨምር።

«ደወለልኝ። ‹አንዲት ቃል ናት የቀረችኝ፣ ሰው ፊት አልችላትም፣ አንቺ ቅጂኝ› አለ። ስደርስ አዘገጃጅቶ ጠበቀኝ። ምን ቃል እንደሆነች አልጠየቅኩትም። የልጄን ድምፅ በሱ ጆሮ ብቻ ከፈትኩለት፤ እኔ ዘግቼዋለሁ። ‹ልሂድ?› ስትለው ኮረብታዋን ስክሪኑ ላይ አየሁ። እሱን ግን እሰማለሁ። ‹ሂጂ› አለ። ‹ሂጂ የኔ ልጅ፣ ደክሞሻል፣ ሂጂ።› አንዴ ብቻ ነው ያለው። ስንት ሰው ቀድቻለሁ መሰለሽ፤ ሰው ሲተውንና ሰው ሲያስታውስ ይለያል።»

«እና ገቡ።»

«ገባሁ። ‹መቼ ነው ያልካት?› አልኩት። አልዋሸኝም። እሱ እኔን ዋሽቶኝ አያውቅም። ሆስፒታል፣ እኔ ሐኪም ልጠራ ስወጣ ነው። ቀኑን ሙሉ እኔን ነበር የምትጠይቀኝ፤ ‹እማ፣ ልሂድ?› ትለኛለች። ‹ቆዪ› እላታለሁ፣ ‹ገና ነው› እላታለሁ፣ ‹ነገ› እላታለሁ። ሦስቱ መልሶች የኔ ናቸው፤ ከኔ አፍ ነው የወሰዳቸው። ስመለስ አልነበረችም። ጠብቃኝ የምትቀር ነበር የመሰለኝ። እሱን ጠይቃው ኖሯል። ፈቀደላት።» እጆቿን ገለበጠቻቸው። «ብረቱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ገመዱንም አላውቅም።»

ስፖንጁ የመጨረሻውን ቃል ዋጠው። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር።

«ቅጂውስ?» አለች መርማሪዋ።

«አለ። ላጠፋው ነበር፤ ጣቴ እምቢ አለኝ።» ቀና ብላ አየቻት። «ጨዋታውን ታውቂዋለሽ አይደል? ጠዋት ሚጡን ስትጠሪ አፍሽ ላይ አልከበደሽም።»

መርማሪዋ ፖሊሱ በሩ ላይ እንዳለ እያወቀች መለሰች። «አራቱንም ተጫውቻለሁ።»

«ምን አልሻት?»

«ነገ። አራቱንም ጊዜ ነገ ነው ያልኳት።»

«ብዙ ሰው እሱን ነው የሚመርጠው» አለ ፕሮግራመሩ ወለሉን እያየ።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ገመዱን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና «ከመሄዳችን በፊት አንዴ ልስማት» አለች። ደንቡ አይፈቅድም። መርማሪዋ ለፖሊሱ በዓይኗ ምልክት ሰጥታ መንገድ ለቀቀችላት።

ከመስታወቱ ወዲያ ሄዳ ተቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች፤ የድምፁን መክፈቻ ከታች ጀምራ ወደ ላይ ገፋችው። ስቱዲዮዋ ውስጥ የቀሩት ምንም አይሰሙም፤ የሚያዩት ጀርባዋን ብቻ ነው። ጀርባዋ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ትከሻዋ አንዴ ወደ ላይ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ብዙ ቆይቶ ወረደ። ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። ተመልሳ የስቱዲዮዋ በር ላይ ስትቆም ፊቷ ርሶ ነበር።

«ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ነበር» አለች። «አፍንጫዋ ታፍኗል። ረስቼው ነበር እኮ።»

ወደ ፕሮግራመሩ ዞረች። «የሱንም መልስ ክተተው። ባዶ አትተወው። ደጋግማ እንድትጠይቅ አታድርጋት።»

የመርማሪዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ከረጅም ጊዜ በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ በሽታ መሰላት። ፊቷን ለማንም ላለማሳየት ቀድማ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ሴትዮዋና ፖሊሱ ተከተሏት።

ፍሪጁ አጠገብ ሲደርሱ ሴትዮዋ ቆመች። ጎንበስ ብላ የወደቀውን ገመድ አንስታ ሶኬቱ ላይ ሰካችው። ፍሪጁ አቃስቶ ተነሳ። ከልማድ በሩን ከፈተች፤ መብራቱ በራ፤ እጇን ቁልፏ ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሰደደች። ከኮመጠጠው ወተት ሌላ ምንም አልነበረም። እጇን መለሰችና በሩን ዘግታ፣ «እንሂድ» አለች።